ጋሽ ዘውዴና የድንጋይ ልጅ

የጋሽ ዘውዴን ሞት የሰማሁት አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ድሮ ጅግጅጋ አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ስለ ሌላ ጉዳይ ደውላ፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል "አልሰማሽም እንዴ?" አለችኝ። የሰው ሞት እንደ ገበያ ምራቂ መጨረሻ ላይ ጣል ሲደረግ እጅግ ያናድደኛል። ጆሮዋ ላይ ልዘጋባት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለቤቴ ማን ሞተብሽ ሲለኝ "የመሥሪያ ቤት ሰው" አልኩት። ዘመዴ አይደለም፤ አለቃዬም አልነበረም። እኔ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ነበርኩ፣ እሱ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ። ነገር ግን እስከ ዛሬ አንድ ሥራ ጀምሬ በመሃል ልተወው ሲያምረኝ ድቅን የሚልብኝ የእሱ ፊት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አፍሬ እቀጥላለሁ።

ጅግጅጋ የደረስኩት ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለቀ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርድ አውቃለሁ። ነፋስም የማውቅ መስሎኝ ነበር። የጅግጅጋ ነፋስ ግን አቧራውን ተሸክሞ በመስኮት ይገባና የታይፕ መኪናዬ ፊደላት መሃል ይተኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የዝውውር ማመልከቻዬን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ቀኑን ብቻ ባዶ ትቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ቢሮዬ ሸተተ። የሞተ አይጥ ነው ብዬ ቁም ሳጥኑን አስነሳሁ፣ የፋይል መደርደሪያውን አስገለበጥኩ፣ ተላላኪውንም ጽዳት ሠራተኛዋንም አሰለቸሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆመና፣

"እህቴ፣ አይጥ መፈለግሽን ተይው። የሚሸተው የእኔ ነው" አለኝ።

እሱ ግን መደንገጤን ከቁብ ሳይቆጥር "ነይ ላሳይሽ" ብሎ ወደ ውጭ ወሰደኝ። ከመስኮቴ ሥር፣ ግድግዳው ነፋስ በሚከላከልበት ጥግ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ተቀምጧል። በጣሳው ውስጥ ያለው ጠጠር ነው፤ በጠጠሩ መሃል ደግሞ የሰው ጡጫ የሚያክል፣ አራት ማዕዘን፣ አመድማ ነገር ጉብ ብሏል። ድንጋይ ነው ብዬ ነበር። ጎንበስ ስል ከሥሩ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ጥቁር ቀይ አበቦች አየሁ። ዝንብ ወርሯቸዋል። ሽታውም ከእነሱ ነው።

"አበባ ነው" አለኝ፣ ልጁ አንደኛ እንደወጣለት አባት። "አምስት ቀን ነው የሚቆየው። አምስት ቀን ቻይኝ።"

ቻልኩት። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ልቆጣው ስል አመልካች ጣቱን አጥፎ በጣቱ ጀርባ ተክሉን ሲነካ አየሁት። እናት የልጇን ትኩሳት በእጇ ጀርባ እንደምትለካው ነው። ያን አይቼ አፌን ያዝኩ።

ሶማሌዎች በቋንቋቸው ያን ተክል የድንጋይ ልጅ ይሉታል ይል ነበር ጋሽ ዘውዴ። አያያዙ እኛን ከደጋ የመጣነውን ሁሉ ያሳብዳል። እኛ ተክል መውደድ ማለት ማጠጣት ነው ብለን ነው ያደግነው። አዲስ የተመደበ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንድ ቀን በቅን ልቦና የመጠጫ ብርጭቆውን ትራፊ ጣሳው ላይ ሊደፋ ሲል ይያዛል። ጋሽ ዘውዴ በመጨረሻ "ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ እንድመታለት ጠየቀኝና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ያነበቡት ሁሉ ስለ ሌላ ውሃ የተጻፈ መሰላቸው፤ ሆኖም ጥግዋ ከሁለቱም ተጠበቀች።

እሱ ራሱ በበጋ በወር አንድ ጊዜ በሻይ ማንኪያ፣ ያውም ከጠጠሩ ዳር ዳር ነበር የሚያጠጣው። "አጠጣሁት ብለሽ አትኩሪ፤ ጠማው ወይ ብለሽ ጠይቂ" ይል ነበር። ሲቸኩሉበት ደግሞ "ለዚህ ተክል ትልቁ ሥራ መተው ነው። እሱን የሚችል ሰው የለም" ይላል። የቢሮው ሰዎች ጣሳውን ሲያስታምም ባዩት ቁጥር "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያሉ ያላግጡበታል። እሱም ያቺን ምሳሌ ከመጥላቱ የተነሳ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሳያይ "እንቁላልስ ሃያ አንድ ቀን ነው" ብሎ ይመልሳል።

ጋሽ ዘውዴ እዚያው ጅግጅጋ ነው የተወለደው። አባቱ ድሮ ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ። ሶማሊኛው እንደ አማርኛው ስለነበር ገጠር ስንወጣ የማያውቁት አርብቶ አደሮች ጎሳውን ይጠይቁታል። "ችግኝ ጣቢያ" ይላቸዋል። ሚስት አላገባም። በጊዮርጊስ ዝክር ማኅበርተኞቹ ስለዚህ ጉዳይ ሲነዘንዙት ሰምቶ እንዳልሰማ ጠላውን ይጠጣል።

ተክሉን ያገኘው ከጦርነቱ በፊት ነው። የከብት ደስታ በሽታ ለመከተብ ወደ ሀርሺን ወጥተው ሳለ፣ ጠጠር የበዛበት አንድ ተዳፋት ላይ ቁጭ ብሎ ሲያርፍ ድንጋዩ አበባ ይዞ አየ። ያን ቀን ሠላሳ የሚሆኑ ቆጠረ። ትንሹን መርጦ በባርኔጣው ይዞ መጣ። ብዙም ሳይቆይ የሶማሊያ ጦር ጅግጅጋን የያዘበት መስከረም መጣ። ሰው ብርድ ልብሱንና ልጁን አንጠልጥሎ በካራማራ በኩል ወደ ሐረር ሲሸሽ ጋሽ ዘውዴ ጣሳውን በነጠላ አዝሎ ወጣ። መንገድ ላይ ሰዎች ድንጋይ የተሸከመ ዕብድ ነው ብለው ስላዘኑለት ዳቦ ሰጡት።

ከተማዋ ነፃ ወጥታ ሲመለስ ቤቱን ሳያይ፣ መኪና ለምኖ ወደዚያ ተዳፋት ሄደ። ታንክ ተመላልሶበታል፣ ምሽግ ተቆፍሮበታል። ሦስት ቀን በሆዱ ተኝቶ ጠጠር ለጠጠር ፈለገ። አንድም አልነበረም። በዙሪያው ያሉትንም ተዳፋቶች ከዓመት ዓመት ዞረ። አንድም።

ይህን የነገረኝ ከተዋወቅን ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። እኔ ሞኟ "ምን አለበት፣ ያንተው ይፈላላ የለ?" አልኩት።

"አይፈላም" አለ። "ስንት ዓመት ጠብቄ አየሁት፤ በዓመት ሁለቴ፣ ዝናቡን ተከትሎ ያብባል፣ ይሸታል፣ ይረግፋል። ከራሱ ጋር አይጋባም። ሁለተኛ ካላገኘ ፍሬ አይይዝም።"

"ካላገኘስ?"

"ሠላሳ ነበሩ፣ ወይኒ። አሁን አንድ ነው። እሱም በእጄ ላይ ነው። ፍሬ ሳያይ ቢሞት ዘሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ አይሞትም፤ ሁለተኛውም ይገኛል።"

እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ሰው ቢለው ፎካሪ እለው ነበር። እሱ ግን የነገውን የሥራ ፕሮግራም እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

አፈላለጉን ደግሞ ላንሳ። በሶማሌ አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ከሰላምታው በኋላ ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ የቱ ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን ወለደ፣ የማን ግመል ጠፋ። አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው አያቋርጠውም። የሰማም ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። የተሳሳተ ወሬ መንጋ ይፈጃልና በወሬ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከቀብሪበያ ወዲያ ባለ አንድ ጉድጓድ አጠገብ፣ የተከተቡ ከብቶችን ልመዘግብ አብሬ በወጣሁ ጊዜ ነው። ሰዎቹ የራሳቸውን ተናግረው ተራው ለጋሽ ዘውዴ ደረሰ። ስለ ክትባቱ ነገራቸው፣ በጅግጅጋ ስለጣለው ካፊያ ነገራቸው፣ ከዚያ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣

"ተክሌ ደህና ነው። ዘንድሮም አበበ። ጓደኛ ግን አላገኘም" አለ። ተክሉ ምን እንደሚመስል፣ በእጁ ቅርጹን እየሠራ አስረዳ።

አስተርጓሚያችን ሲነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰዎቹ ግን አልሳቁም። ሮብሌ የሚባል፣ ጺሙን በሂና ያቀላ የግመል ባለቤት ብቻ ብድግ ብሎ "ዘውዴ፣ ለተክሉ ሚስት ትፈልጋለህ። አንተስ አገባህ?" አለው።

"እሱ ይቅደም" አለ ጋሽ ዘውዴ።

ያኔ ሁሉም ሳቁ። በመኪና ስንመለስ ግን እኔን ወቀሰኝ። "እነሱ የግመላቸውን ነገሩኝ። እኔ ከዚያ ተክል ሌላ ምን አለኝና ልንገራቸው? የሚያስቀው ምኑ ነው?" ሶማሊኛ ለመማር የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ዓመታት ሄዱ። ወሬውም ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሄደ። አንድ ቀን በጅግጅጋ ገበያ የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት የመሥሪያ ቤቴን ስም ስትሰማ "የዚያ ተክል ጓደኛ ተገኘች?" ብላ ጠየቀችኝ። ለጋሽ ዘውዴ ስነግረው ደስ አለው፣ ግን አልተገረመም። በየሄደበት፣ ክረምት ከበጋ፣ ያችኑ ወሬ በዚያው ድምፅ ይናገር ነበር። እኔ ብሆን በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ቆርጬ ሌላ ተክል እወድ ነበር። የዝውውር ማመልከቻዬም በመሳቢያዬ ውስጥ ቢጫ ሆነ፤ ያንን ሰው ውጤቱን ሳላይ ትቼ መሄድ አልሆነልኝም።

ከሀርጌሳ በኩል ስደተኛው እንደ ጎርፍ በፈሰሰበት ክረምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሮብሌ ቢሮአችን መጣ። ልብሱ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ድንበር ተሻግሮ የእህቱን ቤተሰብ ሊያወጣ ሄዶ መመለሱ ነበር። ጋሽ ዘውዴን አስጠራውና ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ወሬውን ጀመረ። ከተማው እየተደበደበ ነው። እህቱ ተርፋለች፣ ባሏ አልተረፈም። ውሃ በመንገድ የለም። ይህን ሁሉ በተራ ተናግሮ ሲጨርስ የሽርጡን ጫፍ ፈታና ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀመጠ።

"ቁጭ ብለን ስናርፍ አየሁት" አለ። "የነገርከኝ መልክ ነው። በጩቤ ስቆፍር እህቴ ሰደበችኝ። ሰው እያለቀ ድንጋይ ትለቅማለህ አለችኝ። የሰው አደራ ነው አልኳት።"

ጋሽ ዘውዴ ያንን ነገር አላነሳውም። አመልካች ጣቱን አጥፎ ነካው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሮብሌን በሶማሊኛ አጎቴ ብሎ በመጥራት፣ "አዴር፣ የእህትህ ባል ነፍስ ይማር" አለው። ምስጋናው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ለምን እንዲህ ያለ ሰው እንደማይረሳ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ያቺን ቅደም ተከተል ነው የማነሳው።

አዲሷ ጣሳዋን ለመደች። ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም፣ ሁለቱም እንቡጥ ያዙ። ይህን ቀጥሎ ያለውን ባልጽፈው በወደድኩ።

እንቡጦቹ ሊፈነዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጋሽ ዘውዴ ወደ አዲጋላ ታዘዘ። በባቡር የሚመጣ ችግኝ ተረክቦ በጣቢያው ዙሪያ ማስተከል ነበረበት። እምቢ ለማለት ሞከረ፤ ትእዛዝ ነው ተባለ። ከመሄዱ በፊት ጣቶቹን እየቆጠረ ሦስት ነገር አስጠነቀቀኝ። "አታጠጪ። አትንኪ። ከቦታቸው አታንቀሳቅሺ።" አስደገመኝም።

በሄደ በሦስተኛው ቀን አበቡ። ሽታው እጥፍ ሆነ። ዝንቡም መስኮቱን አጨለመው። በዚያው ሳምንት ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚ ይመጣል ተባለና ኃላፊያችን ዝንቡ ይወገድ አለ። እኔም ታማኝ ነኝ፤ አላጠጣሁም፣ አልነካሁም፣ አላንቀሳቀስኩም። ከመጋዘን ፍሊት አምጥቼ ጠዋትና ማታ፣ ተክሎቹን እንዳይነካ ከላይ ከላይ ነፋሁበት። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ዝንብ አልቀረም። ጎብኚው መጥቶ ሄደ። እኔም አደራዬን በሚገባ ተወጣሁ ብዬ ኮራሁ።

ጋሽ ዘውዴ ከአዲጋላ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። በሕይወቱ ረግጦት በማያውቀው በዚያ የባቡር ጣቢያ አንድ ሰው "ተክልህ ጓደኛ አገኘ ሲባል ሰማን" ብሎት ኖሯል። እየሳቀ ይህን እየነገረኝ ወደ ጥግዋ ዞረ። አበቦቹ ጠውልገዋል። በጣሳዎቹ ዙሪያ ዝንቦቹ በጀርባቸው ተዘርረዋል።

"እነዚህን ማን ገደላቸው?"

"እኔ ነኝ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ፍሊት ነፋሁ። ተክሎቹን ግን ጫፋቸውን አልነካሁም፣ ጋሼ።"

መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንዱን ዝንብ አንስቶ፣ "እኔ የምጠብቃቸው እንግዶች እነሱ ነበሩ" አለ።

ከዚያ አስረዳኝ። ዝንቡ የበሰበሰ ሥጋ መስሎት አበባው ውስጥ ይገባል። ከአንዱ ሲወጣ በእግሩ የሚይዘውን የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው ይወስዳል። ሌላ የሚያጋባቸው የለም። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃቸውን አምስት ቀኖች በሁለት ቆርቆሮ ፍሊት ጨረስኩበት። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አለቀስኩ፤ ይቅር በለኝ አልኩት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። አራተኛውን ትእዛዝ ረሳሁ" አለና ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። "አልቅሰሽ ስትጨርሺ ነይ። ሥራ አለ።"

ሥራው ሁለቱን ጣሳዎች እስከሚቀጥለው አበባ ማድረስ ነበር። ቶሎ የሚያብበውን ጥላ ውስጥ፣ የሚዘገየውን ፀሐይ ላይ እያደረገ፣ በማንኪያ አንዱን እያጠጣ ሌላውን እያስጠማ በአንድ ቀን እንዲያብቡ አለማመዳቸው። ግንቦት ላይ እንቡጥ ሲይዙ ፈቃድ ወስዶ ከጣሳዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። ያን ሰሞን ነፋሱ በርትቶ ዝንቡን በተነው። ምን ያደርጋል? ከሥጋ ቤት የበግ ሆድ ዕቃ ለምኖ አመጣና አጥሩ ላይ ሰቀለው። ዝንቡ መጣ። እኔም ሥራዬን እየሠራሁ በመስኮት ዝንብ ጠበቅኩ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ይዛ ስትቀርብ እጮህባታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከቀበሌው የክስ ደብዳቤ መጣ፤ ዝንቡ የነዋሪውን ጤና እያወከ ነው የሚል። መልሱን እኔ ነኝ የጻፍኩት። "በደብዳቤያችሁ የተጠቀሱት ዝንቦች በመሥሪያ ቤታችን ለሥራ ጉዳይ የሚፈለጉ ስለሆነ፣ ሥራቸውን እስኪያጠናቅቁ ሦስት ቀን በትዕግሥት እንድትጠብቁን እናሳስባለን።" ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ማኅተሙን አንስቶ መታበት። ያን ቀን ለእሱ የነበረኝ ቂም ለቀቀኝ።

ከሳምንታት በኋላ ከአንደኛው ሥር ሁለት ጥቃቅን ቀንዶች ወጡ፣ የግልገል ቀንድ የመሰሉ። ፍሬ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ጠርቶ አሳየኝና ወደ ችግኞቹ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ሰማሁት። ፉጨት አይችልበትም።

ፍሬው እስኪበስል ወራት ፈጀ። ሲደርስ ፈንድቶ ዘሩን በሐር በመሰለ ጭራ ለነፋስ እንደሚሰጥ ገምቷል። የጅግጅጋን ነፋስ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። "ወይኒ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ዘር የማያሳልፍ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ቀን አሰብኩና ለበዓል ያስቀመጥኩትን ስቶኪንግ አምጥቼ ቆረጥኩት። ጋሽ ዘውዴ የሴት ስቶኪንግ መሆኑን ሲያውቅ ፊቱን አዞረ። በእጁ ሊነካው ፈጽሞ አልፈቀደም፤ እኔው አሰርኩት። ጥር ላይ አርባ ሁለት ዘር በስቶኪንጌ ውስጥ ተገኘ። ከበቀሉት ውስጥ በዓመቱ አሥራ ዘጠኙ ቆሙ። ትልቁ የሽምብራ ፍሬ ያክላል።

ከዚያ ያ ግንቦት መጣ። መንግሥት ወደቀ። ወታደሩ በየመንገዱ መሣሪያውን እየጣለ ያልፋል፣ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ ከሌላ አገር የተመደብነው ሁሉ መኪና እንፈልጋለን። እኔ ወደ ሐረር በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ቦታ አገኘሁ። ለጋሽ ዘውዴም ቦታ እንደያዝኩለት ስነግረው፣

"እኔ ወዴት እሄዳለሁ? ያንቺ መኪና ከነገ ወዲያ ነው። ነገን ስጪኝ" አለኝ።

ችግኞቹን ሦስት ዓመት ሊያሳድጋቸው ነበር ሐሳቡ። ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ጣሳ የሚረገጥበት ቀን አይታወቅም አለ። በማግስቱ ማለዳ ሮብሌ ይዞት በመጣው የከብት መኪና አብረን ወጣን። ተዳፋቱ የት እንደሆነ አልጽፍም። ሮብሌ የመረጠው፣ ፍየል የማይወጣበት፣ ጠጠሩ እንደ ድሮው ያለ ነው። ያ ብቻ ይበቃል።

ጋሽ ዘውዴ አሥራ ዘጠኙን አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዳቸው ጥላ የሚሆን ድንጋይ እየመረጠ ተከላቸው። ቀጥሎ ሁለቱን ትልልቆች ከጣሳቸው አወጣ። ያኔ መቻል አቃተኝ።

"ሁሉንም? አንድ እንኳን አታስቀርም? ለእኔስ አንድ አትሰጠኝም?"

"ደብረ ብርሃን ወስደሽ በውርጭ ልትገድይው?" አለ። አስከፋኝ። ይህን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወይኒ፣ እኔም አንድ ብቻ ነበር የወሰድኩት። ሰው ሁሉ አንድ ብቻ ነው የሚወስደው።"

ተክሎ ሲጨርስ ተነስቶ ለሮብሌ፣ "አዴር፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ በወሬ ውስጥ አይግባ" አለው።

ሮብሌ ቅር አለው። "አሥር ዓመት ሙሉ በየጉድጓዱ ያወራኸው አንተ ነህ። ተክልህ እንዴት ነው ይሉኛል። ምን ልበል? በስተርጅና ወሬ ልዋሽ?"

"አንተ አትዋሽ። እኔ እዋሻለሁ። አንተ ዝም በል።"

ስንመለስ መኪናው ውሃ ለመቅዳት አንድ ጉድጓድ ጋ ቆመ። አራት ሰዎች ግመሎቻቸውን ያጠጣሉ። ሰላምታው አልቆ ወሬው ተጀመረ። የመንግሥቱን መውደቅ፣ የወታደሩን ሽሽት፣ የዘንድሮን ዝናብ፣ ሁሉንም በተራ አነሱ። በመጨረሻ ሸምገል ያለው "ዘውዴ፣ ተክልህስ? ወለደ ሲባል ሰምተናል" አለው።

ጋሽ ዘውዴ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ሞተ" አለ።

"ልጆቹስ?"

"ሁሉም። ወላጆቹም ልጆቹም። ውሃ በዛባቸው።"

ሮብሌ ሙስባሃውን እየቆጠረ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌው የግመሉን ገመድ ለሌላው አቀበለና መጥቶ የጋሽ ዘውዴን እጅ በሁለት እጁ ያዘው። "ያን ያህል ዓመት ለፍተህ" አለው። "አላህ ሶብር ይስጥህ።" ሦስቱም ተራ በተራ መጥተው ጨበጡት። ጋሽ ዘውዴ ለእያንዳንዳቸው "አሚን" አለ፤ ዓይኖቹ የእውነት እንባ አቅርረው ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። አብሬ እንደደከምኩ እሱም ሰምቷል።

"አንቺንም ሶብር ይስጥሽ፣ ልጄ" አለኝ።

ጋሽ ዘውዴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም "አሚን" አልኩ።